የ1922ቱ የጀርመን ሻምፒዮና ለምን ባለቤት አጣ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የጀርመን እግር ኳስ ሻምፒዮኖችን ዝርዝር ሳይ 1922 ላይ የክለብ ስም የለም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሀምቡርግ ተብሎ በቅንፍ ተቀምጧል። ጓደኛዬ በጦርነቱ ምክንያት ነው ይለኛል። ጦርነቱ ግን በ1918 አልቆ የለ እንዴ? ማነው ዋንጫውን የበላው? ዳኛው ነው ያበላሸው የሚባለውስ እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ተሳስቷል። በጦርነቱ ምክንያት ባዶ የሆኑት ከ1915 እስከ 1919 ያሉት ዓመታት ናቸው። በ1922 ውድድሩ በደንብ ተካሂዷል። ፍጻሜም ደርሷል። ያውም ሁለት ጊዜ። ሀምቡርግና ኑረምበርግ በሁለቱ ጨዋታዎች በድምሩ 294 ደቂቃ ተጫወቱ፤ አምስት ሰዓት ሊሞላ 6 ደቂቃ ነው የቀረው። አሸናፊ ግን አልተገኘም። ከዚያ ነገሩ ከሜዳ ወጥቶ ቢሮ ገባ። ቢሮው ሻምፒዮን አደረገ፣ ሻረ፣ መልሶ አደረገ፤ በመጨረሻ ሻምፒዮን የተባለው ክለብ ራሱ «ይቅርብኝ» አለ። የዳኛውን ነገር ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ፣ እሱ ትንሽ ሐተታ ይፈልጋል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዝልኝ።

መጀመሪያ ውድድሩ ራሱ። የዛሬውን ቡንደስሊጋ እያሰብክ ከሄድክ ምንም አይገባህም። ቡንደስሊጋ የተጀመረው በ1963 ነው። ከዚያ በፊት ክለቦች በየክልላቸው ይጫወቱና የየክልሉ አሸናፊዎች በዓመቱ መጨረሻ በጥሎ ማለፍ ይገናኛሉ። የተሸነፈ ወደ ቤቱ። አሸናፊው ቪክቶሪያ የምትባለውን ሐውልት ይወስዳል። በቃ፣ ሻምፒዮናው ይኸው ነው።

ይሄ አካሄድ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጣጣ የበዛበት ነበር። በ1903፣ ገና በመጀመሪያው ውድድር፣ ካርልስሩኸር ከፕራጉ የጀርመኖች ክለብ ጋር ግማሽ ፍጻሜ ሊጫወት ሲል «ጨዋታው ተራዝሟል» የሚል ቴሌግራም ደረሰው። አምኖ ቀረ። ቴሌግራሙ የውሸት ነበር! የፕራጉ ክለብ ሳይጫወት ፍጻሜ ገባና በላይፕዚግ 7 ለ 2 ተቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ካርልስሩኸር «ጨዋታዎቹ በገለልተኛ ሜዳ አልተደረጉም» ብሎ ከሰሰ፤ ፌዴሬሽኑም ግራ ሲገባው ፍጻሜውን ጨርሶ ሰረዘው። ስለዚህ ዝርዝርህን ደግመህ ብታየው 1904ም ላይ ስም አታገኝም። እንግዲህ ፌዴሬሽኑ ሲጨንቀው ነገሩን ባዶ አድርጎ የመተው ልማድ ነበረው ማለት ነው። ይሄንን ልብ በል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቡድኖች። ኑረምበርግ በዚያ ዘመን የሚቀመስ ቡድን አልነበረም። በ1920 ጎረቤቱን ፉርትን 2 ለ 0፣ በ1921 ፎርቨርትስ በርሊንን 5 ለ 0 አሸንፎ በተከታታይ ሁለት ዋንጫ በልቷል። ከ1918 አጋማሽ እስከ 1922 መጀመሪያ ድረስ በ104 ይፋዊ ጨዋታዎች አልተሸነፈም። በረኛው ሃይነር ሽቱልፋውት ይባላል። ከግቡ ወጥቶ እንደ ተከላካይ በእግሩ የሚጫወት ሰው ነበር። ዛሬ ጀርመናዊው በረኛ ማኑኤል ኖየር ሲያደርገው አዲስ ነገር የመጣ የሚመስላቸው ሰዎች ይሄንን ሰው ቢያውቁት ጥሩ ነበር። ጀርመኖች ኑረምበርግን እስከ ዛሬ «ክለቡ» እያሉ ነው የሚጠሩት፣ ሌላ ክለብ የሌለ ይመስል።

በ1922 ግን ትንሽ ተንሸራተዋል። ደቡብ ጀርመንን ያሸነፈው ቫከር ሙኒክ ነበር፤ ኑረምበርግ ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር የገባው ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ስለሆነ ብቻ ነው።

ሀምቡርግ በሌላ በኩል ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ማለቴ፣ ሥሩ እስከ 1887 ይሄዳል፤ በ1919 ግን ሦስት ክለቦች ተዋህደው ዛሬ የምናውቀው ኤችኤስቪ (ሀምቡርገር ኤስቪ) ሆነ። ፊት ላይ ኦቶ ሃርደር አለ፣ በቅጽል ስሙ ቱል። ረጅም፣ ጉልበተኛ፣ ኳስ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ግብ የሚሮጥ አጥቂ። መሀል ላይ ደግሞ አስቢዮርን ሃልቮርሰን የሚባል ኖርዌያዊ ነበር። ሀምቡርግ በግማሽ ፍጻሜው ቫከርን 4 ለ 0 ሸኘ። ኑረምበርግ የበርሊኑን ኖርደን ኖርድቬስት 1 ለ 0 አልፎ መጣ።

ጁን 18 ቀን 1922፣ በርሊን፣ ግሩነቫልድ የሚገኘው የጀርመን ስታዲየም፣ 30,000 ሰው። በእኛ ብንቆጥረው ሰኔ 11 ቀን 1914 መሆኑ ነው። በ19ኛው ደቂቃ ራቬ ለሀምቡርግ አገባ። ደጋፊው ገና ጮኾ ሳይጨርስ፣ በ20ኛው፣ ሃይንሪሽ ትሬግ አቻ አደረገ። በ30ኛው ደቂቃ ፖፕ ሁለተኛውን ጨመረና ኑረምበርግ መምራት ጀመረ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ኑረምበርጎች ሦስተኛ ዋንጫቸውን በእጃቸው ያስገቡ ሲመስላቸው፣ ጨዋታው ሊያልቅ 4 ደቂቃ ሲቀረው፣ የሀምቡርጉ ፍሎር አስቆጠረ። 2 ለ 2።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። ተጨማሪው 30 ደቂቃ ተጫወቱ፤ ምንም። የፍጹም ቅጣት ምት መለያ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም፤ እሱ ወደ እግር ኳስ ሕግ የገባው በ1970 ነው። የዚያን ጊዜው ደንብ አሸናፊ እስኪገኝ ድረስ ተጫወቱ ነው የሚለው። በ1914ቱ ፍጻሜ ሠርቶ ነበር፤ ፉርት ላይፕዚግን 3 ለ 2 ያሸነፈው በ154ኛው ደቂቃ በተቆጠረ ጎል ነው። በበርሊን ግን 154 አለፈ፣ ጎል የለም። 160 አለፈ፣ 170፣ 180። ተቀያሪ የለም። ሃያ ሁለቱም የጀመሩት ሰዎች ናቸው፤ የተጎዳም ከሆነ ወይ እያነከሰ ይጫወታል ወይ ቡድኑ በጎደሎ ይቀጥላል። የኑረምበርጉ ተከላካይ አንቶን ኩግለር ጥርሶቹ ወልቀውበት መጫወቱን ቀጥሏል ይባላል። የሜዳ መብራት ደግሞ የለም። በ189ኛው ደቂቃ ኳሷን ማየት ሲያቅት ዳኛው ጨዋታውን አስቆመ። ሁለት ሙሉ ጨዋታ ከዘጠኝ ደቂቃ ትርፍ ጋር፣ በአንድ ከሰዓት! ዛሬ በ120ኛው ደቂቃ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዘው ሣር ላይ የሚዘረጉትን ልጆች ሳይ ይሄ ትዝ ይለኛል፤ መቼም የዛሬው ፍጥነት ሌላ ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ድጋሚው ከሰባት ሳምንት በኋላ ተቀጠረ። በመሀሉ ሀገሪቱ ራሷ ሰላም አልነበራትም፤ ከበርሊኑ ጨዋታ ስድስት ቀን በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቫልተር ራተናው በዚያው ከተማ በጥይት ተገደለ፤ የሀገሪቱ ገንዘብ ማርክም በየሳምንቱ እየወረደ ነው። ሕዝቡ ግን ኳሱን አልተወም። ኦገስት 6 ቀን ላይፕዚግ፣ ፕሮብስትሃይዳ ሰፈር በዚያው ዓመት የተከፈተው የከተማው ክለብ የቪኤፍቢ ስታዲየም ከአቅሙ በላይ ሞላ። ወደ 50,000 ሰው ይገመታል።

ሁለቱ ቡድኖች በርሊን ላይ እልህ ተጋብተዋል። ላይፕዚግ ላይ እልሁ ወደ እግር ወረደ። ገና በ18ኛው ደቂቃ የኑረምበርጉ ቪሊ ቦስ ተጋጣሚውን መትቶ ተባረረ። ቀይ ካርድ ያኔ የለም፤ ዳኛው በጣቱ በሩን ያሳይሃል፣ ትወጣለህ። ኑረምበርጎች አሥር ሆኑ። ግን ጉድ እኮ ነው፣ መጀመሪያ ያገቡት እነሱ ናቸው፦ ከእረፍት መልስ በ48ኛው ደቂቃ፣ ያው ትሬግ። ሀምቡርግ በ69ኛው በሽናይደር አቻ ሆነ። ኩግለርም ጉዳቱ ጸንቶበት ወጣ፤ ተቀያሪ የለም ብዬሃለሁ፣ ዘጠኝ ሆኑ። 90 ደቂቃ አለቀ፣ 1 ለ 1፣ እንደገና ተጨማሪ ሰዓት።

በ100ኛው ደቂቃ ገደማ ትሬግ፣ ጎል ያገባው ሰው፣ ከባድ ጥፋት ሠርቶ ተባረረ። ስምንት። በ105ኛው ደቂቃ፣ የተጨማሪው ሰዓት የመጀመሪያ አጋማሽ ሊያበቃ ሲል፣ ፖፕ በድካም ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሰባት።

እዚህ ላይ ነው ዳኛው የሚመጣው። ፔኮ ባውቬንስ ይባላል፤ የኮሎኝ ሰው፣ ሁለቱንም ፍጻሜ የመራ። በጊዜው ደንብ አንድ ቡድን ከስምንት ሰው በታች ከወረደ ጨዋታው አይቀጥልም። ባውቬንስ ቆጠረ፣ ሰባት አገኘ፣ ጨዋታውን አቋረጠ። ይኸው ነው የሠራው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ፣ ለነገሩ፣ ይቀጥል ነበር፤ የአሁኑ ሕግ እስከ ሰባት ሰው ይፈቅዳል።

ታዲያ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ያቋረጠበት ሰዓት ላይ። የተጨማሪው ሰዓት ሁለት አጋማሾች መሀል፣ እረፍት ላይ ነበር ያቋረጠው። ኑረምበርጎች ይሄንን ይዘው ተከራከሩ፦ በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ስንት ሰው እንዳለን መቁጠር አይቻልም፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ፖፕ ትንፋሹን ሰብስቦ ቢመለስስ? ፊሽካ ነፍቶ ማስጀመርና ሰባት ሰው ብቻ ሲገባ ያኔ ማቋረጥ ነበረበት አሉ። እንግዲህ ነገረኛ ሊመስልህ ይችላል። ደንቡን በጥብቅ ካነበብከው ግን ክርክሩ ባዶ አይደለም። ፖፕ ይመለስ ነበር ወይ? የወደቀበትን ሁኔታ ላየ ሰው አይመስልም፤ ዳኛ ግን በመሰለው አይፈርድም።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ይሄ ነው፦ ባውቬንስ በፍሬ ነገሩ ትክክል ነበር፣ በሥነ ሥርዓቱ አንድ እርምጃ ቸኩሏል። «ዳኛው ነው ያበላሸው» የሚለው ግን ኑረምበርግን ነጻ ለማውጣት የተፈጠረ ወሬ ነው የሚመስለኝ። ከአራቱ የጎደሉት ሁለቱ በራሳቸው ጥፋት ነው የተባረሩት። ዳኛው አላስወደቃቸውም።

የቢሮው ድራማ እንዲህ ሄደ። ፌዴሬሽኑ መጀመሪያ ሀምቡርግ ሻምፒዮን ነው አለ፤ ጨዋታው የተቋረጠው በኑረምበርግ ጉድለት ነውና። ኑረምበርግ ይግባኝ ጠየቀና ያ የእረፍት ሰዓት ነገር ሠራለት፤ ውሳኔው ተሻረ። ሀምቡርግ በተራው ወደ ላይ አለ። ነገሩ እየተካረረ ሄዶ በኖቬምበር ወር የና የምትባል ከተማ ላይ የተቀመጠው የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ዘንድ ደረሰ። ጉባኤው በአብላጫ ድምፅ ለሀምቡርግ ፈረደ። ወዲያው፣ እዚያው ጉባኤ ላይ፣ የሀምቡርጉ ተወካይ ተነሥቶ ክለቡ ሻምፒዮንነቱን አልቀበልም ማለቱን አሳወቀ።

ለምን? በይፋ የተሰጠው ምክንያት ስፖርታዊ ጨዋነት ነው፤ በሜዳ ያላሸነፍነውን በወረቀት አንወስድም የሚል። ደስ ይላል። ግን ከፌዴሬሽኑ ሰዎች ጋር አስቀድሞ መግባባት ነበር፣ «እንፈርድላችኋለን፣ እናንተ ደግሞ ትተዉታላችሁ» ተብለዋል የሚለው ወሬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አለ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። የጉባኤው ውሳኔና የክለቡ መልስ እንዲህ ተከታትለው የመጡት ባጋጣሚ ነው ቢሉኝ ይከብደኛል። ፌዴሬሽኑ ሕጉን ሲያይ ሀምቡርግ ትክክል ነው፤ ሰሜንና ደቡብ ሲያይ ደግሞ የኑረምበርግን ሕዝብ ማስቀየም አልፈለገም። ስለዚህ ለአንዱ ፍርዱን፣ ለሌላው ዋንጫው ለማንም አለመሰጠቱን አደለ። ሁሉም ቅር ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

እኔ ብጠየቅ ለሀምቡርግ ነው የምሰጠው፤ ምክንያቴም ቀላል ነው። ሰው ጎድሎበት ጨዋታ ያስቋረጠ ቡድን ድጋሚ ወይም ባዶ ውጤት የሚያገኝ ከሆነ፣ ነገ ሊሸነፍ የተቃረበ ቡድን ሁሉ መሬት ላይ ተኝቶ ይገላገላል። ደንብ የሚወጣው ለዚህ ነው። የኑረምበርግ ደጋፊ ደግሞ ምን ይልሃል? «ዘጠኝና ስምንት ሰው ማሸነፍ ያቃተው ሻምፒዮን አይባልም።» በሕግ ሚዛን አይነሣም፣ በካፌ ክርክር ግን አፍ ያስይዛል። በበኩሌ ብሰማውም አልቀየምም።

በቅንፍ ያየኸው የሀምቡርግ ስም የዚህ ሁሉ ቅሪት ነው፦ ተፈርዶለት ያልተቀበለ። የጀርመን ፌዴሬሽን የሚለው ግን ግልጽ ነው፣ በ1922 ሻምፒዮን የለም። ሀምቡርግ ራሱም አይቆጥረውም። ስድስት ነው የሚለው፦ 1923፣ 1928፣ 1960፣ 1979፣ 1982 እና 1983። ስለዚህ ዝርዝርህ ላይ የክለብ ስም አትጻፍ። ቅንፉንም ብትተወው ይሻላል፣ ለሌላ ክርክር በር ይከፍታል።

ስለ ሰዎቹ ትንሽ ልጨምር፣ ካልጠየቅከኝም። ባውቬንስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዚያው ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ምዕራብ ጀርመን በ1954 የዓለም ዋንጫን ስታነሣ ወንበሩ ላይ እሱ ነበር። ያ ሁሉ ጣጣ ሥራውን አላበላሸበትም ማለት ነው።

የሃርደርና የሃልቮርሰን ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለቱ በ1922 ጎን ለጎን ለአንድ ዋንጫ ነው የተንከራተቱት፤ በ1923 እና በ1928ም አብረው ዋንጫ አንሥተዋል። ሃርደር በኋላ ናዚ ሆነ፣ የናዚዎቹ ታጣቂ ድርጅት ኤስኤስ ውስጥ ገባ፣ በኖይንጋመ ማጎሪያ ካምፕ ዘበኛ ነበር፤ ከዚያ አሌም የሚባለው ካምፕ አዛዥ ሆነ። በ1947 የእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 15 ዓመት ፈረደበት፣ በ1951 ተፈታ። ሃልቮርሰን ወደ ኖርዌይ ተመልሶ ብሔራዊ ቡድኑን ያዘ፤ በ1936ቱ ኦሊምፒክ በርሊን ላይ ጀርመንን 2 ለ 0 ያሸነፈው ቡድን የእሱ ነው፣ ሂትለር ቁጭ ብሎ እያየ። ጀርመኖች ኖርዌይን ሲይዙ ስፖርተኛው ለወራሪ አልጫወትም ብሎ አድማ መታ፤ ሃልቮርሰን በዚህ ተይዞ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው ሲንገላታ ኖረ። ካለፈባቸው ካምፖች አንዱ ኖይንጋመ ነው። ሃርደር ያኔ ከዚያ ተነሥቷል፣ አልተገናኙም። ሃልቮርሰን በሕይወት ወጣ፤ ጤናው ግን አልተመለሰም፣ በ1955 ሞተ። የዚያን ፍጻሜ አሰላለፍ ስታነብ እነዚህን ሁለት ስሞች በአንድ መስመር ላይ ታገኛቸዋለህ።

ሜዳ ላይ የቀረው ሒሳብ ደግሞ ብዙም አልቆየም። በ1923 ሀምቡርግ የዛሬውን ዩኒየን በርሊን አባት፣ ኦበርሾነቫይደን፣ 3 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን ያልተጨቃጨቁበት ዋንጫ ወሰደ። በ1924 ፍጻሜው እንደገና ሀምቡርግ ከኑረምበርግ፣ እንደገና በርሊን። በዚህኛው ጊዜ ኑረምበርግ 2 ለ 0 አሸነፈ፣ በ90 ደቂቃ።